አልከፈትም ያለ ቪዲዮ የጠፋ ቪዲዮ አይደለም

በራያ ቆላ የድሮ ቪዲዮ የት እንደሚቀመጥ ሳይጠየቅ ይታወቃል። ቁም ሳጥን ያለው ከቁም ሳጥኑ፣ የሌለው ከአልጋ ሥር ካለ ሻንጣ ውስጥ፣ ከቤቱ ካርታና ከልጆቹ የትምህርት ማስረጃ ጋር በፌስታል ጠቅልሎ ያኖረዋል። ፌስታሉ ሲፈታ «ሠርግ ቁጥር 1»፣ «ሠርግ ቁጥር 2» ተብሎ በእስክሪብቶ የተጻፈባቸው ሲዲዎች፣ ከድሮ ኖኪያ ስልክ የወጣ ሚሞሪ፣ ከሳዑዲ በሰው እጅ የተላከ ፍላሽ ይወጣሉ። ዕቃው አለ፤ የሚያጫውተው ግን የለም። ዴኩ መብራት ሄድ መጣ ሲል ተቃጥሏል፤ አዲሱ ላፕቶፕ የሲዲ ማስገቢያ የለውም፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ «ይህ ፋይል አይደገፍም» ብሎ ያቆማል።

እኔ የምሠራው ዋጃ ነው። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ባለች ሱቄ ፎቶ አትማለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ቀደም ሲል ሠርግ እቀርጽ ነበር፤ ዛሬ አልከፈትም እያሉ ከሚመጡልኝ ፋይሎች አንዳንዶቹ ያኔ በራሴ ካሜራ የተነሡ ናቸው። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው እነዚህን መክፈት ነው። የሞተ አባት ድምፁ ሲሰማ፣ አሁን እናት የሆነች ሴት በልጃገረዶች በዓል በሶለል ጨዋታ ልጅ ሆና ስትታይ፣ ሱቄ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያያል።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚመጣልኝ ቪዲዮ አብዛኛው አልተበላሸም፤ የታሸገበትን መንገድ የሚያውቅ ማጫወቻ አጥቶ ነው። መንገዱን መለየት ደግሞ ኮምፒዩተር መንካት የቻለ ሁሉ የሚማረው ነገር ነው። መጀመሪያ መለየት፣ ቀጥሎ ማጫወት፣ በመጨረሻ መቀየር። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ስለሚጀምር ነው ቪዲዮውን በገዛ እጁ የሚያጠፋው።

ለእኛ ለምን ይብሳል

ከዚህ ቆላ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሄደው ወጣት ብዙ ነው። ልጁ ለእህቱ ሠርግ መምጣት ካልቻለ ሠርጉ ተቀርጾ ይላክለታል፤ አባት ቢታመም ምርቃቱ በስልክ ተቀርጾ ይሄድለታል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ የእኛም ልጆች ነበሩበት። ለብዙዎቹ፣ እነሱ በሌሉበት ስላለፈው ዘመን የቀራቸው ቢኖር ያ የተላከላቸው ቪዲዮ ነው።

ከዚያ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ቆቦ ሜዳ ደረሰ፤ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ እንደገና ተመለሰ። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲወጣ አልበምና ኮምፒዩተር ተሸክሞ አይወጣም። ሲመለስ ፎቶው የለም፣ ኮምፒዩተሩ የለም፤ ዘመድ ዘንድ የነበረች አንዲት ሲዲ ግን ተርፋ ትገኛለች። እንዲህ ያለች ሲዲ «አትሠራም» ተብላ ወደ ቆሻሻ ስትሄድ ማየት አልችልም። ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ቪዲዮ ለምን ይታሸጋል

ነገሩ ከቁጥር ይጀምራል። የእኛ ቴሌቪዥን ይሠራበት በነበረው የፓል ሥርዓት አንድ ምስል በወርድ 720፣ በቁመት 576 ነጥብ አለው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም ሦስት ባይት ብንሰጠው አንዱ ምስል ከ1.2 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። በሰከንድ 25 ምስል ያልፋል፤ ይህ በሰከንድ 31 ሜጋባይት ያህል ነው። የአንድ ሰዓት ሠርግ እንዲሁ ጥሬውን ቢቀመጥ 112 ጊጋባይት ገደማ ይፈልጋል። 700 ሜጋባይት የምትይዝ ሲዲ ከዚህ የምትችለው 22 ሰከንድ ያህሉን ብቻ ነው። ሙሽራው ከመኪና ሳይወርድ ትሞላለች።

ስለዚህ ቪዲዮ ሲቀመጥ ይጨመቃል። ጨማቂው ፕሮግራም በአንድ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ያልተለወጠውን ደግሞ አይጽፍም። ዳሱ ካልተንቀሳቀሰ አንዴ ይጽፈዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው የጨፋሪውን እንቅስቃሴ ነው። የሰው ዓይን ብዙም የማይለየውን የቀለም ዝርዝርም ይቀንሳል። ሲታይ ደግሞ ሌላ ፕሮግራም የተጨመቀውን ፈትቶ ምስል ያደርገዋል። ይህ የመጨመቂያና የመፍቻ ዘዴ ነው ኮዴክ የሚባለው። በአንዱ ዘዴ የተጨመቀ በሌላው አይፈታም። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በየጊዜው የተሻለ ዘዴ ስለመጣ፣ የቤታችን ፌስታል የብዙ ዘዴዎች ክምችት ሆኗል።

ሰውን የሚያሳስተው የፋይሉ ስም ነው። ከስሙ ኋላ የሚመጣው ቅጥያ፣ ኤቪአይ ወይም ኤምፒ4 ወይም ኤምኦቪ የሚለው፣ ኮዴኩን አይነግርም፤ የሚነግረው መያዣውን ነው። ገበያ ላይ ጆንያ አይቶ ውስጡ ማሽላ ይሁን ጤፍ እንደማይታወቅ ሁሉ ኤቪአይ የሚል ፋይል አይቶም በውስጡ ያለው አይታወቅም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው በዚህ መያዣ ውስጥ ከደርዘን በላይ የተለያዩ ኮዴኮች ገብተውበታል። «ኤቪአይ የሚያጫውት» ቴሌቪዥን አንዱን ኤቪአይ አሳይቶ ሌላውን እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ድምፅም ከምስሉ ጋር በአንድ መያዣ ይቀመጥ እንጂ የራሱ ኮዴክ አለው። አንዱ ታውቆ ሌላው ካልታወቀ ምስል ያለ ድምፅ፣ ወይም ድምፅ በጥቁር መስኮት ይመጣል።

ፋይሉን መለየት

ለመለየት በመጀመሪያ መጠኑን አያለሁ። አንድ ሰዓት ነው የተባለ ሠርግ 1 ሜጋባይት ከሆነ ቪዲዮ አይደለም። ዜሮ ከሆነም ውስጡ ባዶ ነው። 600 ወይም 700 ሜጋባይት ከሆነ ግን በሲዲ ልክ የተሠራ ቪዲዮ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቀጥሎ በቪኤልሲ ለማጫወት እሞክራለሁ። ቪኤልሲ የመንገድ ሾጣጣ ምልክት ያለበት፣ በፓሪስ የኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመሩት፣ በ2001 ለሁሉም በነጻ የተለቀቀ ማጫወቻ ነው። ጥንካሬው ብዙዎቹን ኮዴኮች ከራሱ ጋር ይዞ መምጣቱ ነው፤ ከኮምፒዩተሩ አይለምንም። ቪዲዮው በቪኤልሲ ከተከፈተ ፋይሉ ደህና ነው፤ የጎደለው ሌላው ማጫወቻ ነበር ማለት ነው። እየተጫወተ ሳለ «ቱልስ» ከሚለው ዝርዝር «ኮዴክ ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ሲጫኑ የምስሉንና የድምፁን ኮዴክ ስም፣ የምስሉን ስፋትና በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያልፍ ይዘረዝራል።

ከሁሉ የምመካበት ግን ሚዲያኢንፎ ነው። ይህ ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ቪዲዮውን አያጫውትም፤ ውስጡን አንብቦ ይናገራል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትወርክ በሚጠፋበት ቦታ እንደ እኛ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፋይሉን ጎትተው ሲጥሉበት መያዣው ምን እንደሆነ፣ የምስሉ ኮዴክ፣ የድምፁ ኮዴክ፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ አንዳንዴም የተቀረጸበት ቀንና ካሜራው ሳይቀር ይወጣል። እኔ የወጣውን በጽሑፍ ፋይል አድርጌ ከቪዲዮው አጠገብ አስቀምጣለሁ። ነገ ሌላ ባለሙያ ቢያየው ከዜሮ አይጀምርም።

ሁለቱም ከሌሉ ወይም ቅጥያው የጠፋ ፋይል ከመጣ፣ የፋይሉን ባይቶች በሚያሳይ ፕሮግራም መጀመሪያውን ማየት ይቻላል። ኤቪአይ ፋይል አር፣ አይ፣ ኤፍ፣ ኤፍ በሚሉ አራት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። 112 ባይት ከታለፈ በኋላ የሚመጡት አራት ፊደላት ወይም ቁጥሮች የኮዴኩ መለያ ናቸው። ኤክስ-ቪ-አይ-ዲ ከሆነ ኤክስቪድ ነው፤ ዲ-ኤክስ-5-0 ከሆነ ዲቪኤክስ 5 ነው፤ ዲ-አይ-ቪ-3 ከሆነ የመጀመሪያው ዲቪኤክስ ነው፤ ኤም-ጄ-ፒ-ጂ ከሆነ ሞሽን ጄፔግ ነው፤ አይ-ቪ-5-0 ከሆነ የኢንቴል ኢንዴዎ ነው። ኤምፒ4 እና 3ጂፒ ደግሞ ከ5ኛው ባይት ጀምሮ ኤፍ፣ ቲ፣ ዋይ፣ ፒ የሚል ይዘዋል። ፋይሉ ስሙን ቢያጣ እንኳ ማንነቱን ከራሱ ጋር ይዟል።

በፌስታሉ ውስጥ የሚገኙት

የእኛ አገር የቤት ቪዲዮ ዘመን በዘመን ሊነበብ ይችላል።

በብዛት የሚመጣልኝ ቪሲዲ ነው። ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሲሆን ኮዴኩ ኤምፔግ-1 ነው፤ የምስሉ ስፋት በ352 እና 288 ነጥብ የተወሰነ፣ በአንድ ሲዲ ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ነው። ረዥም ሠርግ በሁለትና በሦስት ሲዲ የሚከፈለው ለዚህ ነበር። ሲዲውን ኮምፒዩተር ላይ ስንከፍት «ኤምፔግ ኤቪ» በሚል ፎልደር ውስጥ ቅጥያው ዳት የሆነ ፋይል እናገኛለን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ዳታ እንጂ ቪዲዮ አይደለም» ብሎ ይተወዋል። ቪዲዮው ራሱ እሱ ነው። እንደ ኤቪአይ ሁሉ በአር-አይ-ኤፍ-ኤፍ ይጀምራል፤ ከ9ኛው ባይት ላይ ግን ሲ-ዲ-ኤክስ-ኤ ይላል። ቪኤልሲ እንዳለ ያጫውተዋል።

የቪሲዲ ሌላ ችግር አለ። ተራ የኮምፒዩተር ሲዲ ስህተት የሚያርምበት ተጨማሪ ቦታ ይይዛል፤ ቪሲዲ ግን ያንን ቦታ ለምስል አውሎታል። ስለዚህ ሲጫር በቶሎ ይጎዳል፤ ሲገለበጥም ከመንገድ ይቆማል። እንዲህ ሲሆን ተራውን የመገልበጥ ሥራ ደጋግሞ ማስገደድ አይጠቅምም። የተጎዳውን እየዘለሉ የቀረውን የሚያወጡ እንደ አይሶበስተር ያሉ ፕሮግራሞች አሉ። በሌላ የሲዲ ማንበቢያ መሞከርም ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ አንዱ ያላነበበውን ሌላው ያነባል።

ከዚያ ዲቪዲ መጣ። ኮዴኩ ኤምፔግ-2 ነው። «ቪዲዮ ቲኤስ» በሚል ፎልደር ውስጥ ቅጥያቸው ቪኦቢ የሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት የማይበልጡ ፋይሎች አሉ። ፎልደሩን ሙሉውን መገልበጥ እንጂ አንዱን ቪኦቢ ብቻ መምረጥ የለብንም፤ ሠርጉ በሁሉም ውስጥ ተከፋፍሏል። ዲቪዲ በድሮ ኮምፒዩተር ይከፈት የነበረ በአዲሱ የማይከፈተው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ የኤምፔግ-2 ፈቃድ ክፍያን ሸሽቶ የዲቪዲ ማጫወቻውን ስላወጣው ነው። ዲስኩ ምንም አልሆነም። ደግሞም በዲቪዲ መቅጃ ተቀርጾ በመጨረሻ «ፋይናላይዝ» ያልተደረገ ዲስክ በኮምፒዩተር ባዶ መስሎ ይታያል። ባዶ ነው ብለው ከመጣልዎ በፊት ጀርባውን በብርሃን ይዩት፤ የተጻፈበት ክፍል ቀለሙ ይለያል።

በኤቪአይ የሚመጡት የዲቪኤክስና የኤክስቪድ ዘመን ልጆች ናቸው። ዲቪኤክስ የተጀመረው ዠሮም ሮታ የተባለ ፈረንሳዊ የማይክሮሶፍትን የኤምፔግ-4 ኮዴክ ከታሰረበት መያዣ አውጥቶ በኤቪአይ እንዲሠራ ባደረገበት ጊዜ ነው። ከሱ በኋላ በነጻ ፈቃድ የተሠራው ኤክስቪድ ስሙ ራሱ ዲቪኤክስን ወደ ኋላ ሲያነቡት የሚገኝ ነው። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ በመሆናቸው በቪኤልሲ ያለ ችግር ይታያሉ።

የፎቶ ካሜራ ላይ የተቀረጹ አጫጭር ኤቪአይዎች ግን ሌላ ናቸው። ብዙዎቹ ሞሽን ጄፔግ ናቸው፤ እያንዳንዱ ምስል ለብቻው እንደ ፎቶ የተጨመቀ ነው። ለርዝመታቸው በጣም ትልቅ ይሆናሉ። በትናንሽ ካሴት ይሠሩ ከነበሩት የሚኒዲቪ ካሜራዎች ወደ ኮምፒዩተር የተገለበጠው ደግሞ ለአንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ይህን ያገኘ ሰው ቦታ ያዘብኝ ብሎ አያጥፋው፤ በዘመኑ ከነበረው የቤት ቪዲዮ ሁሉ ጥራቱ የተሻለው እሱ ነው።

በመጨረሻ የስልክ 3ጂፒ አለ። እኛ ጋ የሶለል ጨዋታ፣ የጥምቀት ጭፈራ፣ የሽማግሌ ምርቃት የተቀረጸው በብዛት በዚህ ነው። ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ ኤች 263 በሚባል ኮዴክ፣ 176 በ144 ነጥብ ብቻ የሆነ፣ ድምፁ ደግሞ ኤኤምአር ነው።

በዚህ ጉዳይ የማልረሳው ነገር አለ። ከሳዑዲ የተመለሰ አንድ ወንድማችን በፍላሽ የአባቱን ምርቃት ይዞ መጣ። በቴሌቪዥኑ ሲያጫውተው ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ይታያሉ፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። «ድምፁ ሳይቀዳ ቀርቶ ነው መሰለኝ፣ በቃ ምስሉን አትምልኝ» አለኝ። ምርቃት ያለ ድምፅ ምን ይሆናል! ሚዲያኢንፎ ላይ ስጥለው የድምፁ መስመር በግልጽ ተጽፏል፦ ኤኤምአር፣ በሰከንድ 8,000 ናሙና። ድምፁ አለ፤ ቴሌቪዥኑ ነው ኤኤምአር የማያውቀው። ምስሉን ሳልነካ ድምፁን ብቻ ኤኤሲ ወደሚባለው ዛሬ ሁሉ ማጫወቻ ወደሚያውቀው ኮዴክ ቀየርኩት። ሽማግሌው «አሜን በሉ» ሲሉ ልጁ ብቻ ሳይሆን ዘይት ሊገዛ ወጥቶ በሱቄ በር ያለፈው ጎረቤትም አሜን አለ።

ኤኤምአር ለስልክ ንግግር የተሠራ በመሆኑ ንግግርን በደንብ ይይዛል፣ ከበሮንና ጭብጨባን ግን ያፍናል። ያልተቀዳውን ድምፅ የትኛውም ፕሮግራም መልሶ አያመጣውም። «ኤችዲ አድርግልኝ» ለሚለኝ ሰውም የምመልሰው ይህንኑ ነው፦ ያለውን እናድን፣ የሌለውን አንፍጠር።

ችግሩ የድሮ ፋይል ብቻ አይደለም። አይፎን ስልኮች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ኤች 265 የተባለውን ኮዴክ ስለሚጠቀሙ ዛሬ ከውጭ የሚላክ አዲስ ቪዲዮ በድሮ ኮምፒዩተር እምቢ ይላል። መለየቱ በዚያው መንገድ ነው።

ኮዴክ የሚመስል ኮዴክ ያልሆነ

ሁሉም እምቢታ የኮዴክ አይደለም። ፍላሽ ላይ የሠርጉ ፎልደር ወደ ሾርትከት ከተለወጠ ያ ቫይረስ ነው። እውነተኛው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ተደብቆ እዚያው አለ። ፎርማት አያድርጉት፤ የተደበቀ ፋይል የሚያሳየውን ምርጫ ከፍተው ይፈልጉት። የቪዲዮ ስም ይዞ ቅጥያው ኢኤክስኢ የሆነ ነገር ካዩ አይንኩት።

ሌላው በመቅረጽ ላይ ሳለ ባትሪ የሞተበት ፋይል ነው። ኤምፒ4ና 3ጂፒ፣ ምስሉ የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ ብዙ ጊዜ የሚጽፉት በመጨረሻ ነው። ካሜራው በድንገት ከጠፋ ማውጫው ሳይጻፍ ይቀራል፤ ፋይሉ ትልቅ ሆኖ ሳለ የትኛውም ማጫወቻ አይከፍተውም፣ ሚዲያኢንፎም ኮዴኩን አያሳይም። በዚያው ስልክ የተቀረጸ ሌላ ጤነኛ ቪዲዮ ካለ እሱን እንደ ምሳሌ ወስደው ማውጫውን መልሰው የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ስለዚህ የድሮው ስልክ ሚሞሪ ላይ ያለውን የማይረባ የሚመስል ቪዲዮ ሁሉ አታጥፉ።

ከሁሉ የምፈራው ግን ቪዲዮ አልከፈት ሲል «ኮዴክ አውርድ» የሚል ነገር መከተልን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ማብቂያ ጀምሮ ዝሎብ የተባለው ቫይረስ ወደ ኮምፒዩተሮች የገባው ራሱን የቪዲዮ ኮዴክ አስመስሎ ነበር፤ መንገዱ ዛሬም አልተዘጋም። ቪኤልሲና ሚዲያኢንፎ ካሉ ሌላ ኮዴክ ማውረድ የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው። የፋይሉን ቅጥያ በእጅ መለዋወጥም ኮዴኩን አይቀይርም። ቪዲዮን በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ «ሴቭ» ማለት ደግሞ ያበላሸዋል። ይህን የምለው አይቼ ነው።

መቀየር መቼና እንዴት

ኮዴኩ ታውቆ ቪዲዮው ከተከፈተ ያኔ መቀየር ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ዋናው ፋይል ሳይነካ ይገለበጥ። በየጊዜው መቀየር በየጊዜው መጨመቅ ነው፤ በተጨመቀ ቁጥር ይቀንሳል። የልጅ ልጆቻችን የተሻለ መሣሪያ ሊኖራቸው ስለሚችል ዋናውን ልናስተላልፍላቸው ይገባል።

ለማየት የሚሆነው ቅጂ ኤምፒ4 መያዣ፣ ኤች 264 ምስል፣ ኤኤሲ ድምፅ ቢሆን ስልክም ቴሌቪዥንም ላፕቶፕም ያውቀዋል። ሃንድብሬክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። የኮዴኩ ዓይነት ዘመናዊ ሆኖ መያዣው ብቻ ካስቸገረ፣ ፋብሪስ ቤላር እ.ኤ.አ. በ2000 በጀመረው በኤፍኤፍምፔግ ምስሉን እንደገና ሳይጨምቁ ወደ ሌላ መያዣ ማዛወር ይቻላል፤ ጥራቱ ቅንጣት አይጎድልም። ከዲቪዲና ከሚኒዲቪ ሲቀየር እስክስታው ላይ አግድም መስመሮች ከታዩ፣ የፓል ምስል በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ሆኖ የተቀረጸ በመሆኑ ነው። «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን ምርጫ መክፈት ያስተካክለዋል። የምስሉን 4 ለ 3 ቅርጽም ጠብቁ፤ ወደ ሰፊው ስክሪን ሲጎተት የሰው ፊት ይበላሻል።

ለዘመድ ስትልኩ በቴሌግራም «ቪዲዮ» ብላችሁ ከላካችሁት እንደገና ይጨመቃል፤ «ፋይል» ብላችሁ ላኩት፣ እስከ 2 ጊጋባይት ያልፋል።

ሲዲውን ግን አትቆዩበት። እኛ በምንጽፍበት ሲዲና ዲቪዲ ውስጥ መረጃውን የሚይዘው ቀለም ነው፤ ሙቀትና ፀሐይ ይበላዋል፣ የራያ ቆላ ደግሞ ሙቀት ነው። በሲዲ ላይ የሚያንጸባርቀው ንጣፍ ያለው ከታች ሳይሆን ስም በሚጻፍበት በኩል፣ ከስስ ሽፋን በታች ነው። እስክሪብቶ ተጭኖ መጻፍ ራሱ ይጎዳዋል። በተለያየ ቦታ የሚቀመጡ ሁለት ቅጂዎች ይኑሩ፤ አንዱ ዋጃ ከሆነ ሌላው ወልድያ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ጋ ይሁን። ለምን እንደምል የዚህ አገር ሰው ያውቃል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልጨምር። ሚዲያኢንፎ ኮዴኩን ይነግረኛል፣ ርዝመቱን ይነግረኛል፣ ካሜራውንም ሊነግረኝ ይችላል። ከሙሽራዋ ግራ የቆመችው ሴት ማን እንደሆነች ግን አይነግረኝም። የሚያውቁት እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው፣ እነሱም እያለፉብን ነው። ስለዚህ ቪዲዮ አምጥቶ ለሚያስከፍተኝ ሁሉ የማሳስበው ይህን ነው፦ ሲከፈት ከአዛውንቱ አንዱን አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ የማን ሠርግ እንደሆነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ የት መንደር፣ ማን ማን እንዳለ እየጠየቃችሁ ጻፉ። ጽሑፉን ከቪዲዮው ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡት። ኮዴኩ ዛሬ ባይከፈት ነገ የሚከፍተው ይገኛል፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው ግን ነገ ላይገኝ ይችላል፤ ከሁለቱ ቀድሞ መያዝ ያለበት እሱ ነው።